ሦስት እጅ ወይን ጠጅ

አምላኩ ጎረቤቴ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሱንና የኔን ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው፤ አጥሩም ካረጀ ቆይቷል፤ ስለዚህ የሱን ነገር የማላውቀው ብዙ የለም። ዕድሜው ሃምሳ ሦስት ነው። እሱ ሃምሳ ነው ይላል። ሦስቱን ምን እንዳደረጋቸው ጠይቄው አላውቅም።

ሥራው መዝገብ ቤት ነው። ፋይል ከመደርደሪያ አውርዶ ለጠየቀው ይሰጣል፣ ሲመለስለት መልሶ ያስቀምጣል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ፋይል ጠፍቶበት አያውቅም ይባላል። የጠፋ ካለም መጥፋቱን የሚያሳየው ወረቀት እዚያው ፋይል ውስጥ ስለሆነ አልተገኘም።

ከሥራ ሲመለስ ደግሞ መኪና ይሠራል። ጋራዥ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ መኪናው ክንድ አይሞላም። ገላው የዘይት ቆርቆሮ ነው፣ ጎማው ያለቀ ነጠላ ጫማ፣ መስታወቱ የራጅ ፊልም። የአንዱ አይሱዙ መስኮት ላይ እስካሁን የሀብትነሽ የጎድን አጥንት ይታያል። ሀብትነሽ ሚስቱ ናት። «ታምሜ የተነሳሁትን ራጅ ለአይሱዙ አለበሰው» ብላ ትስቃለች፤ የምትስቀው ግን እንግዳ ሲኖር ብቻ ነው።

ልጆች እነዚህን መኪኖች አይነኩም። «መጫወቻ ነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው ሁለተኛ ቤቱ አልተጠራም።

አምላኩ መዝገብ ቤት ሳይገባ የአውቶቡስ ረዳት ነበር። ሾፌሩ ጋሽ ገብረ ሕይወት ይባላሉ፣ የቡሬ ሰው ናቸው። ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ፍኖተ ሰላም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ተመላልሰዋል። ጋሽ ገብረ ሕይወት የታወቁት በዝግታ በመንዳት ነበር። ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር እሳቸው ጋ አትሳፈርም፤ መንገድ ላይ ነው የምትወልደው። አውቶቡሷ ወይን ጠጅ ቀለም ነበረች። ግንባሯ ላይ በነጭ ትልልቅ ፊደል «አትቸኩል» ተብሎ ተጽፎባታል። ገላዋ ከመጥራቱ የተነሳ ጋሽ ገብረ ሕይወት ጠዋት ጠዋት ጺማቸውን የሚላጩት የአውቶቡሷን በር እያዩ ነበር። መስታወት አጥተው አይደለም፤ ሁለት የጎን መስታወት ነበራት። እሳቸው የሚወዱት በሩን ነው።

አንድ ዓመት ለመስቀል አውቶቡሷ ቡሬ ላይ እንደ አዲስ ተቀባች። ቀለም ቀቢው «ስምንት ቀን ጨርቅ እንዳይነካት» ብሎ አስጠነቀቀ። በአራተኛው ቀን ቁራ መጣና፣ ከዚያ ሁሉ አውቶቡስ መርጦ፣ «አት» የምትለዋ ላይ ኩሱን ጣለባት። አምላኩ ጋሼ ሳያዩት ላጽዳ ብሎ ጨርቁን ቤንዚን ነክሮ ወጣ። ጠረገ። የቁራው ነገር ሄደ። «አት»ም አብራ ሄደች።

ወርዶ ሲያይ ግንባሯ ላይ የቀረው «ቸኩል» ነው።

መናገር ነበረበት፤ አልተናገረም። «ባሕር ዳር ስንደርስ አስጽፌ እመልሰዋለሁ ብዬ ነው» ይላል እስከ ዛሬ። ጋሽ ገብረ ሕይወት በጎን በር ገብተው ሞተር አስነሱ። የገዛ አውቶቡሱን ግንባር እያየ የሚነዳ ሾፌር የለም። ኮሶበር ላይ ሰው ሳቀ። ዳንግላ ላይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዱርቤቴ ላይ ትራፊክ አስቆማቸው።

«አባት፣ እንዲህ እየተጎተቱ ነው እኛን ቸኩል የሚሉን?»

«አትቸኩል ነው የሚለው» አሉ ጋሽ ገብረ ሕይወት።

«ይውረዱና ያንብቡት።»

ወረዱ፣ አነበቡ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበቡት፤ ሁለተኛው ላይ ከንፈራቸውም ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ተመልሰው ገቡና ባሕር ዳር ድረስ ነዱ። መናኸሪያ ሲደርሱ ጣሪያ ላይ ራሳቸው ወጥተው የአምላኩን ሻንጣ አወረዱና እግሩ ሥር አስቀመጡለት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጣሪያ ላይ የወጡት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጽሑፉ በማግስቱ ተስተካከለ። ስማቸው ግን አልተስተካከለም። ከዚያ ወዲያ ከቡሬ እስከ ሽንዲ ድረስ «ጋሽ ቸኩል» ሆነው ቀሩ። ቡሬ ላይ የገብረ ሕይወት ቤት የት ነው ብትሉ ሰው ትከሻውን ይነቀንቅባችኋል፤ የቸኩል ቤት ካላችሁ ግን እጃችሁን ይዞ በር ድረስ ያደርሳችኋል። ለማግባት እንኳ ሰባት ዓመት ያሰቡ ሰው ናቸው።

እንዲህ ሆነው አሥራ ስድስት ዓመት አለፈ። አውቶቡሷም አርጅታ ተሸጠች፣ ተፈታታች፣ ላሜራዋ የየሰዉ የጊቢ በር ሆነ። አምና ጋሽ ገብረ ሕይወት ታመው ተኙ ሲባል አምላኩ ብርቱካን ይዞ ቡሬ ሄደ። ብርቱካኑ ገባ፤ እሱን ግን ከበር መለሱት። ያን ቀን ሲመለስ አጥሩ ሥር ቆሞ «እንዲያው ቢሞቱብኝስ?» አለኝ። በልጅነቱ አባቱ የሞቱበት ሰው ነው፤ መንዳትም፣ መላጨትም፣ ከሰው ፊት መቆምም ያሳዩት ጋሽ ገብረ ሕይወት ናቸው።

ለግንቦት ልደታ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌው አቶ ገብረ ኢየሱስ ናቸው፤ የጋሽ ገብረ ሕይወት እኩያ፣ ችኩል ሰው። እኔም ለምስክርነት ሄድኩ። ለምስክርነት ነው ያልኩት፤ ምሳ እንደሚኖር አላውቅም ነበር።

«ገብረ ሕይወት፣ በል ተናገር። ምን ቢካስህ ይቅር ትላለህ?» አሉ አቶ ገብረ ኢየሱስ።

«አውቶቡሴን እንደነበረች ይመልስልኝ።»

«አውቶቡሷ የለችማ!»

«እኔስ አለመኖሯ መቼ ጠፋኝ?»

ይህ በኛ አገር «ሂዱልኝ» ማለት ነው። ሁላችንም ለመነሳት ጋቢያችንን ሰብሰብ ስናደርግ አምላኩ ብድግ አለና «እመልሳለሁ» አለ።

ጋሽ ገብረ ሕይወት አዩት። «ጺሜን የምላጭባት ናት እኮ።»

«ይላጩባታል ጋሼ።»

«ግንባሯም፣ ገላዋም፣ እንደነበረች።»

«እንደነበረች።»

«ካልሆነች በቀብሬም እንዳትቆም።»

ሰው ተቀይሞ ሰላምታ ቢከለክል ያለ ነው፤ ከቀብር የከለከለ ግን ከዚያ ወዲያ የሚከለክለው የለም። አቶ ገብረ ኢየሱስ ቶሎ ብለው ለሐምሌ ሥላሴ ቀጠሮ ቆረጡ፤ የተባለው ቀን ካለፈ ነገሩ ተዘጋ ማለት ነው አሉ። ምሳም ነበር።

አምላኩ ግንቦትንና ሰኔን ሙሉ ቀጠቀጠ። የአውቶቡሷን መልክ ከጭንቅላቱ እያወጣ ሠራት፤ ትክክል ክንድ ከስንዝር። የጣሪያዋ መሰላል ሳይቀር አለ። መብራቷ የክኒን ማሸጊያ ነው። ሳያት እኔ ራሴ ልሳፈር ዳድቶኝ ነበር። የቀረው ቀለሙ ነው። ቀለሙ ነው እንግዲህ ጉዱ።

መጀመሪያ በብሩሽ ቀባት። ብሩሹ መስመር በመስመር አደረጋት። ሀብትነሽ አየቻትና «ፀጉር አብቅላለች፤ ሹሩባ ትሠራታለህ ወይስ ትላጫታለህ?» አለችው።

ላጫት። ቀለሙን ፍቆ አወረደና አንድ የድሮ የፍሊት መርጫ አገኘ፤ ያ እየተገፋ ለትንኝ መድኃኒት የሚረጨው። ቀለም ሞላበት። ቆሞ፣ ራቅ ብሎ፣ ልክ ትንኝ እንዳየ ሰው ረጨባት። ሲደርቅ ገላዋ የተነጨ ዶሮ ቆዳ መሰለ። በእጅ ሲዳሰስ ሽፍታ አለው። እንኳን ጺም ሊላጩባት፣ ራሷ ጺም የምትፍቅ ሆነች።

ቡሬ ውስጥ እፀገነት የምትባል መኪና ቀቢ አለች። ወጣት ናት፤ ጥፍሯ ሁልጊዜ በመጨረሻ የቀባችውን መኪና ቀለም ነው። አምላኩ ስልኳን ከሰው አግኝቶ ደወለላት። እኔ አጥሩ ሥር ሆኜ ሁለቱንም ሰማሁ፤ ስልኩ ይጮኻል።

«በምን ነው የረጩት ጋሼ?»

«በፍሊት።»

«ሙድ እየያዙብኝ ነው?»

«የምሬን ነው እህቴ፣ ቀጠሮ አለብኝ። ሽፍታው እንዴት ይሂድልኝ?»

«ወፍራም ሆኖ ነዋ። በቲነር ያቅጥኑትና ሦስት እጅ ይስ—»

መስመሩ ተቋረጠ። አምላኩ ግን የሚበቃውን ሰምቷል። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሦስት እጅ አሸዋ ሲባል ሰምቶ ያላደገ ሰው አለ? አንድ እጅ ቀለም፣ ሦስት እጅ ቲነር በጥብጦ ፍሊቱን ሞላ። እኔም «ልክ ነህ» አልኩት። እውቀቱ ስላለኝ አይደለም፤ ሲጠይቀኝ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ቀለሙ አልተቀመጠም፤ ወረደ። ከጣሪያዋ እስከ ጎማዋ በያንዳንዱ መስኮት ሥር እንባ በእንባ ሆነች። ሀብትነሽ መጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ምን ብለሃት ነው?»

በማግስቱ ፈቃድ ጠየቀና የምታለቅሰውን አውቶቡስ በፎጣ ጠቅልሎ ወደ ቡሬ ተሳፈረ። እኔም አብሬው ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት ወደ ፎጣው አንገቷን አስግጋ «ሕፃን ነው? ፊቱን ሸፍነህ አፈንከው እኮ» አለችው።

«አሞት ነው» አለ አምላኩ። ማንኩሳ እስክትወርድ ድረስ «ማርያም ትማረው» እያለች ሄደች።

እፀገነት ፎጣውን ገለጠችና አፏን በክርኗ ሸፈነች፤ እጇ ቀለም ነበራ።

«ስንት ቲነር ነው ያደረጉበት?»

«ሦስት እጅ። አንቺ አይደለሽ ያልሽው?»

«ወይኔ! እጅ ያልኩት የቅቡን ነው! አንዴ ቀብተው ሲደርቅ አንድ እጅ፣ ደግሞ ቀብተው ሲደርቅ ሁለት እጅ።»

«የመለኪያውስ?»

«የመለኪያው ሌላ እጅ ነው።»

አምላኩ ሁለት እጁን አየ። እኔም የኔን አየሁ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ይህን ግን የነገረኝ የለም።

ከዚያ አስቀምጣ አስተማረችው። አሮጌውን ቀለም በቲነር አጥቦ ማውረድ። በልዝብ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከውሃ ጋር፣ ጥፍር ሲሄድበት ድምፅ እስከማይሰማ ማሸት። በሳሙና ማጠብ። ግራጫውን የታች ቀለም አስቀድሞ ማልበስ፣ እሱንም መልሶ ማሸት። ፍሊቱን ለትንኝ መተው። ሁለት ጣሳ ስፕሬይ ሰጠችውና ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ካስቀመጡት ቀለሙ ይላላል፣ ደህና ይረጫል አለችው።

«ርቀቱ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። ጣሳውን አውቶቡሷ ጋ ሳይደርሱ ይጫኑ፣ አውቶቡሷን አልፈው ይልቀቁ። መሃል ላይ ትራፊክ እንዳየ ሰው ቀጥ እንዳይሉ፤ የቆሙበት ቦታ ነው የሚያለቅሰው።»

«እሺ።»

«የመጀመሪያው እጅ የሚያሳፍር መሆን አለበት። ስስ፤ ሥሩ የሚታይ። ሰው አይቶ ቀለም አለቀበት እንዴ ይበል። በእጅና በእጅ መሃል ይጠብቁ። ካልጠበቁ ሦስት እጅ አይደለም፣ አንድ ወፍራም እጅ ነው። ደግሞ በእጅዎ እንዳይነኩት፣ የእጅ ቅባት ቀለም አያስይዝም።»

«እጅ ስጠው፣ በእጅ አትንካው» አለ አምላኩ ለራሱ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም።

«ዝናብ እያየም አይርጩ፤ እርጥበት ሲነካው ነጭ ጉም ይለብሳል። ሦስተኛው ካለቀ በኋላ ስምንት ቀን ይቀመጥ። እኔ እንደዛ ነው የማደርገው።»

ስምንት ቀን። አምላኩ ቃሏን ሲሰማ ጆሮው ቀላ። ይህች ልጅ በዚያ ዘመን እቃ እቃ የምትጫወት ሕፃን ነበረች፤ ያንን ቀለም ቀቢ አታውቀውም። ንግግራቸው ግን አንድ ነው።

ቤቱ ሲመለስ የሰኔ መጨረሻ ነው፣ ዝናቡም ያለማቋረጥ ነው። አቧራ የማይገባበት፣ ነፋስ የማይነካው ቦታ ፈለገ። በመጨረሻ የሀብትነሽን ልብስ ከቁም ሳጥን አውጥቶ አልጋ ላይ ቆለለና አውቶቡሷን እዚያ አስገባት። ወለሉን በውሃ አርከፈከፈ፣ አቧራ እንዳይነሳ። ሸሚዙንም አወለቀ፣ ብናኝ እንዳይጥል። ሀብትነሽ ገብታ ያየችው፣ ባሏ ራቁቱን ደረቱን ሰጥቶ፣ ቁም ሳጥን ፊት ተንበርክኮ፣ ትንፋሹን ይዞ ነው።

«ንስሐ ነው?» አለች።

በጣቱ በሩን አሳያት፤ መተንፈስ አልፈለገም።

ፀሐይ ብቅ በምትልበት ሰዓት ብቻ ይረጫል። የመጀመሪያው እጅ ሐምሌ አንድ ቀን ገባ። በእውነት የሚያሳፍር ነበር። እኔ ገብቼ «ቀለም አለቀብህ እንዴ?» ስለው ደስ ብሎት ትከሻዬን መታኝ። ሁለተኛው ሐምሌ ሦስት። ሦስተኛውን ከዝናብ ጋር ተሻምቶ ሐምሌ አምስት ቀን አስገባ። ሀብትነሽ እየቆጠረች ነበር፤ «እኔ የማውቀው ሰው አንድ ጊዜ እጅ ሲሰጥ ነው፤ የኔ ባል ሦስት ጊዜ ሰጠ» ብላ ለሰፈሩ ነገረች። ነጠላዋን ከቁም ሳጥኑ ማውጣት ረስቶ ስለነበረም ግማሹ ወይን ጠጅ ሆኗል። ለቤተ ክርስቲያን ለብሳው ስትሄድ ሁለት ሴቶች ከየት እንደገዛችው ጠየቋት፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ነጠላው መጨቃጨቅ ተወች።

የሚገርመው ቀለሙ ሰመረ። ቁም ሳጥኑን ከፍተን ስናይ የአውቶቡሷ ገላ ላይ ሽፍታ የለም፣ እንባ የለም። የረጋ ውሃ ትመስላለች። የኔን አፍንጫ አየሁባት፤ ያ አፍንጫ እንደዚያ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ግን እርጥብ ነበረች። ሐምሌ ስድስት ቀን አምላኩ ለዚሁ ብሎ አብሮ የቀባትን የቆርቆሮ ቁራጭ በጣቱ ጀርባ ነካ። ያዝ አደረገችው። ሐምሌ ሰባት፣ የሥላሴ ዕለት ጠዋት፣ ደግሞ ነካ። ያዝ አደረገችው።

«ስምንተኛው ቀን ሐምሌ አሥራ ሦስት ነው» አለ።

«ቀጠሮው ዛሬ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ከሰል አቀጣጥለን ቁም ሳጥኑ ሥር እናስጠጋ።» ምክሩ የኔ ነው። ሀብትነሽ ደገፈችኝ። ማንደጃውን ይዛ መጣች፤ ከሰሉም ደህና ቀልቷል። አምላኩ ማንደጃውን አየ፣ ቁም ሳጥኑን አየ። እጁን ዘርግቶ ማንደጃውን ተቀበላት፤ ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቶ ዝናብ ላይ ደፋው።

«እኔ ጭኔ ላይ አድርጌ እይዝልሃለሁ፣ ማንም አይነካት» አልኩት።

«አንተ ባትነካት ሚኒባሱ ይነካታል። ደርሳ እሳቸው ቢነኳትስ?»

«ታዲያ ልትቀር ነው? በቀብሬም አትቁም ብለውሃል እኮ!»

«አልቀርም» አለ። ቁም ሳጥኑን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ባዶ እጁን ወጣ።

ቡሬ ስንደርስ አቶ ገብረ ኢየሱስ ቀድመው ተቀምጠዋል። ጋሽ ገብረ ሕይወት ከሕመማቸው ከስተዋል፤ ጺማቸው ግን አድጓል፣ ሆን ብለው ያሳደጉት ይመስላል። የአምላኩን እጅ አዩ። እጁ ውስጥ ምንም የለም። ከዚያ የኔን አዩ። እኔም ምንም አልያዝኩም።

«አውቶቡሷስ?» አሉ አቶ ገብረ ኢየሱስ።

አምላኩ አልተቀመጠም። «አልደረቀችም።»

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ገብረ ሕይወት። ሰምተዋል፤ እንዲደግምላቸው ነው።

«አልደረቀችም ጋሼ። ሦስተኛው እጅ ከትናንት ወዲያ ነው የገባው። ስምንት ቀን ትፈልጋለች። ዛሬ ላመጣት እችል ነበር፤ አላመጣኋትም።»

አቶ ገብረ ኢየሱስ ከዘራቸውን አነሱ። «እንግዲህ ቀጠሮ ፈርሷል! ቀኑ ዛሬ ነው ተብሏል፣ እኔም ሌላ ቦታ እጠበቃለሁ። ነገሩ ተ—»

«ቆይ እስቲ» አሉ ጋሽ ገብረ ሕይወት። ዓይናቸውን ከአምላኩ አላነሱም። «ጨርቅ ነክቷታል?»

«አልነካትም።»

«ቤንዚንስ?»

«በደጇ አላለፈም።»

«ወፍስ?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ ናት ጋሼ። ቁልፉ ይኸው።» ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው።

ጋሽ ገብረ ሕይወት ቁልፉን አዩ። እሳቸው ነገር ሲያስቡም እንደ አነዳዳቸው ነው፤ ኮሶበር ደርሰው እስኪመለሱ ሰው ይጠብቃል። ምሳ እየበረደ ነበር።

«ያኔም እንዲህ ብትለኝ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «ጋሼ፣ አት ሄዳለች ብትለኝ ምን ነበረበት? እስክትጻፍ እንቆም ነበር።»

«ፈራሁ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ፈርቻለሁ።»

ወደ አቶ ገብረ ኢየሱስ ዞሩ። «ቀጠሮው የኔ ነው፤ አላፈረስኩትም። ቀለም በቀጠሮ አይደርቅም። እኔ ራሴ እሄዳለሁ።»

ሐምሌ አሥራ አራት ቀን መጡ። በሚኒባስ ነው የመጡት፤ ሲወርዱ ሾፌሩን «ልጄ፣ ማንኩሳን አላየኋትም፣ አልፈናታል?» አሉት። አንዲት ትንሽ ፌስታል ይዘዋል። ቤት ገብተው ተቀመጡ፣ ለሀብትነሽ ሰላምታ ሰጡ፣ ነጠላዋን አደነቁ። ከዚያ ፌስታሉን ፈቱት። ምላጭ፣ ሳሙና፣ ብሩሽ።

አምላኩ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ሁለት እጁን ከታቿ አስገብቶ፣ ገላዋን ሳይነካ፣ አወጣትና መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት።

ጋሽ ገብረ ሕይወት አንገታቸውን ዝቅ አድርገው በግራ አዩዋት፣ በቀኝ አዩዋት። የጣሪያዋን መሰላል ደረጃ በደረጃ ቆጠሩ። የጣታቸውን ጀርባ በሩ ላይ አሳረፉ፣ ቀስ አድርገው ወደ ኋላ ወሰዱት። ጣታቸው ሳይደናቀፍ እስከ ኋላ መብራቷ ሄደ። ያኔ «ውሃ» አሉ።

ሀብትነሽ ለብ ያለ ውሃ አመጣች። ጎንበስ ብለው፣ በሯን እያዩ፣ ቀኝ ጉንጫቸውን ተላጩ። በሯ የስንዝር ግማሽ ስለሆነች የሚታያቸው ግማሽ ፊት ብቻ ነው። ቀኙን ሲጨርሱ ተነሱ፣ ጠረጴዛውን ዞሩ፣ በወዲያኛው ጎኗ ግራውን ተላጩ። አንድም ቦታ አልቆረጣቸውም። እኛ ሦስታችን ቆመን ነበር፤ ሰው ሲላጭ ቆሜ አይቼ አላውቅም።

ፊታቸውን ጠርገው ወደ ግንባሯ ሄዱ። ባዶ ነበር።

«ጽሑፉስ?»

«እርስዎ ሳይፈቅዱ አልጽፍም ብዬ ነው» አለ አምላኩ። ነጭ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ አዘጋጅቷል። «እንደነበረች ብለውኛል። አትቸኩል ልበል?»

ጋሽ ገብረ ሕይወት ግንባሯን ትክ ብለው አዩ።

«የለም» አሉ። «አት ብቻ ጻፍ።»

«አት ብቻ?»

«የወሰድክብኝ እሷን ነው። ቸኩሉ እኔው ጋ አለ፤ አገር ሁሉ ያውቀዋል።»

አምላኩ ሊስቅ ነው ሊያለቅስ ነው ያልታወቀ ድምፅ አወጣ። ጎንበስ ብሎ ጻፈ። «አ» ትንሽ ተንጋደደች፣ «ት» ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ሲጨርስ ቶሎ እንድትደርቅ ብሎ ከንፈሩን አሹሎ ሊነፋባት ሲል፣

«አትቸኩል!» ብለው ጮኹበት።

ቃሏን ሙሉዋን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ራሳቸውም ሰሙት መሰለኝ፤ ቁጭ አሉ፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። አምላኩ ጉልበታቸውን ሊስም ሲጎነበስ «ቀለም አለብህ፣ ሱሪዬን!» ብለው በትከሻው ያዙት። አልለቀቁትም ግን።

አመሻሹ ላይ ሀብትነሽ አውቶቡሷን የሚጠቀልሉበት ንጹህ ፎጣ አመጣች። ጋሽ ገብረ ሕይወት ፎጣውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጽሑፉ እርጥብ ነው እኮ ልጄ። ስምንት ቀን ጨርቅ አይንካት።»

«ታዲያ እርስዎስ ጋሼ?»

«እኔማ እጠብቃታለሁ።»

ስምንት ቀን ተቀመጡ። ጠዋት ጠዋት ይላጩባታል፣ ቀን ቀን ከአምላኩ ጋር መዝገብ ቤት ድረስ በዝግታ ይሄዳሉ፤ እሱም ስምንቱንም ቀን አርፍዶ ገባ። ሀብትነሽ በሰባተኛው ቀን አጥሩ ጋ መጥታ ለሁለት ፊደል ስምንት ቀን ከተቀመጡ ለአምስቱ ስንት ይሆን ነበር ብላ ጠየቀችኝ። አስልቼ ነገርኳት። ሃያ ቀን መሆኑን ስትሰማ አማተበችና፣ ለእንግዳው ራት ልትሠራ ተመለሰች።